የጉድጓዱ ገዳዮች እኛው ነን

የዛሬው ጽሑፍ ስለ ሽንት ቤት ነው። ምሳ ላይ ያላችሁ ስልኩን አስቀምጣችሁ በኋላ ተመለሱ። ግን ተመለሱ። በፖለቲካውና በኳሱ ሁላችንም አዋቂ ነን። ከቤታችን ጀርባ ስለተቀበረው ጉድጓድ ግን ምንም ሳናውቅ በየቀኑ መርዝ እንጨምርበታለን። ከዚያ ሲሞላና ሲሸት የምንሰድበው ሌላውን ነው። የአብዬን ወደ እምዬ።

ከራሴ ጥፋት ልጀምር።

የምኖርበት ግቢ ውስጥ አራት ቤተሰብ አለ፤ አከራያችንን ጨምሮ አሥራ አራት ነፍስ። ሁላችንም የምንጠቀመው አንድ ሴፕቲክ ታንክ ነው። ድሮ መምጠጫ መኪና የሚመጣው በሁለት ዓመት አንዴ ነበር። ከዚያ በዓመት አንዴ ሆነ። ባለፈው ክረምት ደግሞ ገና በተመጠጠ በአራተኛው ወር ሞልቶ ፍሳሹ በበሩ ሥር ወደ ጎረቤት ወረደ። ጎረቤቶቻችን ጨዋ ስለሆኑ አልጮኹብንም፤ ሰላምታ ብቻ ነው የነፈጉን።

አከራያችን እትዬ በማግሥቱ ጠዋት እንደ ልማዳቸው «መፍትሔ» ገዝተው መጡ፦ በሃይላንድ ጠርሙስ የተሞላ አሲድ፣ ሁለት ሊትር። «ቱቦውን ይከፍተዋል» ተብለው ነው። ደፉት። ቱቦው አልተከፈተም። መኪናው ተጠርቶ መጣና ከላይ ያለውን ፈሳሽ ሳበ፤ ከታች ያለው ዝቃጭ ግን ተጋግሮ አልሳብ አለ። ያኔ ከመካከላችን አንዱ «የቀን ሠራተኛ ይግባና በአካፋ ያውጣው» አለ። ሄዶ ከመንገድ ዳር ሃያ ዓመት የማይሞላው ልጅ፣ ገመድና ባልዲ ይዞ የመጣው ማን ነበር? እኔ።

ልጁ ሸሚዙን እያወለቀ ሳለ የመኪናው ረዳት «ምን ጨምራችሁበታል?» ብሎ ጠየቀ። እትዬ «ትንሽ አሲድ ናት ልጄ» አሉት። ረዳቱ ወደ እኔ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ፣ ይሄ ልጅ ከገባ አይወጣም» አለኝ።

ልጁ አልገባም። ረዳቱ ውሃ እየጨመረ በግፊት በጥብጦ ሁለት ዙር ሳበው፤ እጥፍ ከፈልን። ለልጁም ሳይሠራ የቀን ሒሳቡን ሰጠሁት። ባለማወቁ ተገርሞ አመሰገነኝ። ምስጋናው እስካሁን ይከነክነኛል። ስለዚህ ይህን የምጽፈው እንደ አስተማሪ አይደለም፤ አንድ ልጅ ሊያስገድል አንድ ደቂቃ እንደቀረው ሰው ነው።

አሁን ወደ ነገሩ እንግባ። ሴፕቲክ ታንክ ዝም ብሎ የቆሻሻ ማጠራቀሚያ አይደለም። ሕይወት ያለው ነገር ነው። ከቤት የሚወጣው ፍሳሽ ሲገባ ከባዱ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ቅባቱ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ መሃል ላይ ያለው ውሃ ወደ ማስረጊያው ጉድጓድ አልፎ በአፈሩ ውስጥ ይጣራል። ከታች የቀረውን ዝቃጭ የሚበሉትና የሚያሳንሱት አየር የማይፈልጉ ባክቴሪያዎች ናቸው። ደመወዝ የማይጠይቁ፣ ቀንና ሌሊት የሚሠሩ ሠራተኞቻችን እነሱ ናቸው። በደንብ የተሠራና በደንብ የተያዘ ታንክ የሚመጠጠው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ እንደሆነ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ይመክራል። የእኛ በአራት ወር ሞላ። ሠራተኞቹን ገድለን ሥራው ለምን አልተሠራም ብለን እንቆጣለን።

የአገዳደላችን መጀመሪያ አንድ አባባል ነው፦ «በረኪና ካልሸተተ አልጸዳም።» እናቶቻችን ያሉን፣ ሚስቶቻችን የሚሉን፣ እኛም ለቤት ሠራተኛ የምንለው። እንግዳ ሊመጣ ነው? በረኪና። በዓል ነው? በረኪና። የሽንት ቤቱ መቀመጫ ንጹሕ ሆኖ እያበራ ነው? ቢሆንም በረኪና፣ ለማንኛውም።

ሒሳቡን አብረን እንሥራ። የቤት በረኪና ውስጥ ያለው ገዳይ ንጥረ ነገር በአብዛኛው 5 በመቶ አካባቢ ነው። በግቢያችን አራት ቤተሰብ እያንዳንዱ በቀን ግማሽ ሊትር ይደፋል እንበል፤ ሁለት ሊትር ማለት ነው። በውስጡ 100 ግራም ያህል መርዝ አለ። አሥራ አራት ሰው በቀን ወደ 1,000 ሊትር ውሃ ወደ ታንኩ ቢያወርድ፣ በእያንዳንዱ ሊትር 100 ሚሊግራም ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት በመጠጥ ውሃ ውስጥ ለክሎሪን ያስቀመጠው ጣራ በሊትር 5 ሚሊግራም ነው። ያ መጠን እንኳ ጀርም እንዲገድል ታስቦ የሚጨመር ነው። እኛ ሃያ እጥፉን በየቀኑ ወደ ሠራተኞቻችን መኖሪያ እንልካለን።

«ክሎሪኑ እኮ በቆሻሻው ተበልቶ ያልቃል» የሚል አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። ልክ ነው። ለዚህም ነው በረኪና ፈጽሞ አትንኩ የማልለው። በሳምንት አንዴ ግማሽ ሲኒ ተጠቅሞ ማጽዳት ታንክ አይገድልም። ከሰው ሆድ በየቀኑ አዲስ ባክቴሪያ ስለሚወርድ የተጎዳው በቀናት ውስጥ ያገግማል። የሚገድለው ዕለት ዕለት መድፋት ነው፤ ለማገገም የሚሆን ቀን አለመስጠት። መድኃኒትም ቢሆን ጠርሙሱን በአንዴ ከጠጡት መርዝ ነው።

ሁለተኛው ገዳይ አሲዱ ነው። በየሱቁ ስም በሌለው፣ ምልክት በሌለው፣ ትናንት የመጠጥ ውሃ በነበረበት ጠርሙስ የሚሸጠው። አሲድ ባክቴሪያውን ብቻ አይደለም የሚጎዳው፤ የታንኩን ሲሚንቶም ይበላል። ከሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነው። ዝቃጩ ውስጥ ድኝ አለ። አሲድ ሲነካው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባለው ጋዝ በብዛት ይለቀቃል፤ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ማለት ነው። የዚህ ጋዝ ክፋት መጠኑ ሲጨምር አፍንጫን ማደንዘዙ ነው። ሽታው ይጠፋል፤ ሰውየው «ተሻለው» ብሎ ይወርዳል፤ እዚያው ይወድቃል። ሊያወጣው የሚወርደውም ይከተለዋል። ረዳቱ «ከገባ አይወጣም» ያለው ለዚህ ነው።

አያችሁ ነገሩን? አፍንጫችን ሁለት ጊዜ ያታልለናል። በረኪና ሲሸት ንጹሕ ነው እንላለን፤ የሽታው መኖር ግን ኬሚካል ደፍተናል ከማለት ያለፈ ትርጉም የለውም። ጉድጓዱ መሽተት ሲያቆም ደኅና ነው እንላለን፤ የሞት ዝምታ ሊሆን ይችላል። ንጽሕናን በአፍንጫ መለካት እናቁም።

በረኪናና አሲድ ደራርበው የሚደፉም አሉ፤ «አንዱ ካላጸዳው ሌላው» ብለው። እባካችሁ! ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1915 በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቤልጅየም ውስጥ ኢፕር በተባለ ቦታ ወታደሮች ላይ የተለቀቀው ያው ጋዝ ነው። በር ተዘግቶ፣ መስኮቷ መዳፍ በምታህል ሽንት ቤት ውስጥ፣ አጎንብሳ የምታጥበው ማን ናት? ብዙ ጊዜ የሰው ልጅ አምጥተን የቀጠርናት፣ ጽሑፉን እንድታነብ ያልረዳናት የቤት ሠራተኛ ናት። በረኪና ብቻውን እንኳ ከቆየ ሽንት ጋር ሲገናኝ ዓይንና ደረት የሚያቃጥል ጋዝ ያወጣል። ስታስል «ጉንፋን ይዟታል» እንላለን።

ሦስተኛው ገዳይ ያቺ ነጭ እንክብል ናት፤ ለልብስ ብል ተብላ ተገዝታ መታጠቢያ ገንዳና ሽንት ቤት ውስጥ የምትጣለው። አንዳንዷ ናፍታሊን፣ አንዳንዷ ፓራዳይክሎሮቤንዚን ናት። ሁለቱም ሽታ ይሸፍናሉ እንጂ አንዲት ቆሻሻ አያጸዱም። ታንክ ውስጥም በቀላሉ አይፈርሱም፤ ከውሃው ጋር ወደ አፈር፣ ከአፈር ወደ ጉድጓድ ውሃ የመሄድ ዕድል አላቸው። ልጅ ከረሜላ መስላው ብትዋጥ ደግሞ ሌላ መከራ ነው።

አራተኛው «ጀርም 99.9 በመቶ ይገድላል» የሚለው ፈሳሽ ነው። ይግደል እንበል። የት ሄዶ ያቆማል? ታንካችሁ ደጃፍ ላይ ሲደርስ «እነዚህ ጥሩ ባክቴሪያዎች ናቸው» ብሎ ይመለሳል? ጠርሙሱ ላይ ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ የሚል ካለ፣ ያ እንደ ክሎሪን ቶሎ የሚያልቅ አይደለም፤ ዝቃጩ ላይ ተጣብቆ ይቆያል። እጅ ለመታጠብ ደግሞ አያስፈልገንም። እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ትራይክሎሳንን ጨምሮ 19 ንጥረ ነገሮች ያለባቸው የእጅና የሰውነት ሳሙናዎች ለሸማች እንዳይሸጡ ሲከለክል ምክንያቱ ግልጽ ነበር፦ አምራቾቹ ከተራ ሳሙናና ውሃ የተሻለ መሥራታቸውን ማሳየት አልቻሉም። ተራ ሳሙና ይበቃል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉታል ይሄንን።

አሁን ደግሞ በሌላ በኩል የተሰለፉትን ልንካ። «ተፈጥሯዊ ነው፣ ምንም አይጎዳም» የሚሉትን። የራሳችንን እንዶድ አስታውሱ። ነጠላ የሚያነጣ፣ ከተፈጥሮ የመጣ፣ አያቶቻችን የታጠቡበት። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ያዩት ምን ነበር? ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ባለው ወንዝ፣ የቢልሃርዚያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተገኙ። ያ ግኝት ለዓለም ትልቅ ነገር ሆነ። ለእኛ ግን ሌላም ትምህርት አለው፦ ከዛፍ የተለቀመ ሳሙናም ይገድላል፤ ዓሣም ጭምር። ስለዚህ ጠርሙስ ላይ ቅጠል ስለተሳለ አትታለሉ። ጥያቄው «ከየት መጣ?» ሳይሆን «ውሃ ውስጥ ምን ያህል ይቆያል፣ ስንት ደፋሁ?» ነው።

«ባክቴሪያ የሚጨምር ዱቄት» የሚሸጡላችሁም አሉ። ገድለን፣ ገዝተን እንተካ ነው ነገሩ። ያው የአሜሪካ ኤጀንሲ ጤናማ ታንክ ይህን እንደማያስፈልገው ይናገራል፤ የሚያስፈልገው ባክቴሪያ በነጻ፣ በየቀኑ፣ ከእያንዳንዳችን ይወርዳል። ገንዘባችሁን ለመምጠጫው አስቀምጡ።

እዚህ ላይ የሚነሡ ሦስት ተቃውሞዎችን በቅንነት ልመልስ።

አንደኛው፦ «ልጆቼ አተት እንዳይይዛቸው ነው የምደፋው።» የእናት ስጋት ነው፤ አከብረዋለሁ። ግን በሽታው የሚተላለፈው በእጅ፣ በምግብና በውሃ ነው። መከላከያው ከሽንት ቤት መልስ እጅን በሳሙና መታጠብ ነው። ቤት ውስጥ ተቅማጥ የያዘው ሰው ካለ መቀመጫውን፣ የበር እጀታውን፣ ወለሉን በተበረዘ በረኪና መወልወል ተገቢ ነው። እሱ ጨርቅ ላይ የሚፈስ እንጂ ጉድጓድ ውስጥ የሚገለበጥ አይደለም። ደግሞ በእናንተ በረኪና የሞተው ታንክ ሞልቶ ልጆች የሚጫወቱበት መንገድ ላይ ሲፈስ፣ አተቱን ማን አመጣው?

ሁለተኛው፦ «ጥፋቱ የመንግሥት ነው፤ የፍሳሽ መስመር ቢዘረጋ ይህ ሁሉ የት ነበር?» ይህም እውነት አለው። በቀን 100,000 ሜትር ኪዩብ የማጣራት አቅም ይዞ የተሠራው የቃሊቲ ማጣሪያ ከተማውን በሙሉ አይደርስም፤ አብዛኛው የአዲስ አበባ ቤት ዛሬም በጉድጓድ ነው የሚኖረው። መስመሩን እንጠይቅ፣ እንወትውት። ነገር ግን መስመሩ እስኪደርስ ድረስ አሲዱን የሚደፋው ባለሥልጣን አይደለም። መስመሩ ቢደርስም ማጣሪያ ጣቢያው ራሱ የሚሠራው በባክቴሪያ ነው። ልማዳችንን ይዘን ብንሄድ እዚያም እንገድላቸዋለን።

ሦስተኛው፦ «የእኔ አንድ ጠርሙስ ምን ያመጣል?» ከሞላ ታንክ የወጣ ፍሳሽ ወደ ቦይ፣ ከቦይ ወደ ወንዝ፣ ከወንዝ ወደ አቃቂ ይሄዳል። በአቃቂ ውሃ ሰላጣና ጎመን ይለማል። ያ ጎመን ተመልሶ የሚመጣው ወዴት ነው? ወደ እናንተው ድስት። የተረፈው ወደ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያም በአዋሽ ወደ ቆቃ ይወርዳል። ከሳሙና የሚወጣው ፎስፌትም ከሌላው ቆሻሻ ጋር ተደምሮ የውሃ አረም ይቀልባል። እምቦጭ ጣና ላይ ሲታይ ሁላችንም አለቀስን፤ ቆቃ ላይ ግን እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ ይታወቃል። አውሮፓውያን እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በቤት የልብስ ሳሙና ውስጥ ያለውን ፎስፌት በሕግ ገድበዋል። እኛ ዱቄት ሳሙና ስንገዛ የምንጠይቀው «አረፋው ይበዛል?» ብቻ ነው። አረፋ አያጸዳም፤ ዓይን ነው የሚያጠግበው።

አሜሪካ ያላችሁ ወገኖቼም አታምልጡኝ። በበጋ ተጎታች ቤት ተከራይታችሁ ከልጆች ጋር ስትወጡ፣ ሥሩ ያለችው የሽንት ቤት ታንክ የዚህችው የእኛ ጉድጓድ ታናሽ እህት ናት። ሽታ ለማጥፋት የሚደፋው ሰማያዊ ፈሳሽ ፎርማልዴሃይድ ካለበት አስከሬን የሚጠበቅበትን ዓይነት ነገር ነው የምትጨምሩት። ሽታው የሚጠፋው ባክቴሪያው ስለሞተ እንጂ ቆሻሻው ስለፈረሰ አይደለም። የካሊፎርኒያ ሕግ ፎርማልዴሃይድንና ፓራዳይክሎሮቤንዚንን ከእንዲህ ዓይነት ታንክ የከለከለው በምክንያት ነው፦ ታንኳ የምትገለበጥበት የመናፈሻ ቦታ ብዙ ጊዜ ራሱ ሴፕቲክ አለው። የእናንተ የሁለት ቀን ሽርሽር የሌላ ሰው ጉድጓድ ይገድላል። መፍትሔው ብዙ ውሃ፣ ቶሎ የሚፈርስ ሶፍትና ቀለል ያለ ሳሙና ነው።

ታዲያ ምን እንጠቀም? አጭር ነው፤ ርካሽም ነው።

ለሽንት ቤት መቀመጫ፦ ብሩሽ፣ ትንሽ ፈሳሽ ሳሙናና ክንድ። ክንድን የሚተካ ኬሚካል የለም። ነጭ የውሃ ቅሪት ከያዘ አቼቶ ቀብቶ አሳድሮ መፈግፈግ (በረኪና ከነካው ቦታ ጋር ግን በፍጹም አይገናኝ)።

ለተዘጋ ቱቦ፦ የጎማ መግፊያ፣ ካልሆነ የቧንቧ ሠራተኛና ሽቦው። አሲድም ኮስቲክ ሶዳም አይደለም።

ለዕቃ፦ ድስቱን ከማጠብ በፊት ቅባቱን በወረቀት ጠርጎ ወደ ቆሻሻ መጣል። የተጠበሰበትን ዘይት ወደ ማጠቢያ አትድፉ። «በሳሙና ሟሟ እኮ» አትበሉኝ፤ ሳሙና ቅባቱን በትኖ ያሳልፈዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ማስረጊያው አፈር ላይ ደርሶ ይደፍናል። በተለይ አፈሩ መረሬ በሆነበት ሰፈር ያለ እኛም ቅባት ውሃ ማስረግ ይቸግረዋል። የቡና አተላ፣ ሞዴስ፣ ዳይፐር፣ እርጥብ መጥረጊያ፦ ሁሉም ወደ ቆሻሻ ማጠራቀሚያ።

ለልብስ፦ ፎስፌት የሌለበት ሳሙና፣ በልክ። የሳምንቱን ልብስ ሁሉ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ላይ ከማጠብ በሁለት ሦስት ቀን መከፋፈል። በአንዴ የሚወርድ ብዙ ውሃ ዝቃጩን በጥብጦ ወደ ማስረጊያው ይገፋዋል።

ለበረኪና፦ በሳምንት አንዴ፣ በሲኒ ተለክቶ፣ ብቻውን፣ መስኮት ተከፍቶ።

እና ከሁሉም በላይ፦ ወደ ጉድጓድ ሰው አይገባም። አሲድ ተደፋም አልተደፋም። ለማንም፣ በምንም ክፍያ።

ከሻጮችና ከሚመለከታቸው አካላትም የምጠይቀው አለኝ። አሲድ በሃይላንድ ጠርሙስ መሸጥ ይቁም። ማንኛውም ማጽጃ ውስጡ ያለው፣ ከምን ጋር እንደማይቀላቀል፣ ለሴፕቲክ እንደሚሆን ወይም እንደማይሆን በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን ይጻፍበት። የአረፋውን ሥዕል ለማሳመር ቦታ ያልጠፋው ጠርሙስ ለሁለት መስመር ማስጠንቀቂያ ቦታ አያጣም።

በእኛ ግቢ ምን ሆነ? ከዚያ ቀን በኋላ ተሰብስበን ተነጋገርን። እትዬ መጀመሪያ ተቀየሙኝ፤ «በቤቴ ንጽሕና ልትመጣብኝ?» አሉኝ። «እርስዎ ብቻ አይደሉም፣ ሁላችንም ነን፤ ልጁን ያመጣሁት ደግሞ እኔ ነኝ» አልኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና የቀረውን ግማሽ ጠርሙስ አሲድ አውጥተው «በል ውሰድልኝ፣ ዓይኔ አይየው» አሉ። ዘጠኝ ወር ሆነ። መኪና አልጠራንም። ጎረቤቶቻችንም ሰላምታ መልሰውልናል።

ሽንት ቤታችን በረኪና በረኪና አይሸትም። ምንም አይሸትም።

ይህን ጽሑፍ ለአከራያችሁ፣ ለተከራያችሁ፣ ለእናታችሁ ላኩላቸው። ማንበብ ለማትችል የቤት ሠራተኛ ደግሞ ቁጭ ብላችሁ አንብቡላት። ቸር ያሰንብተን።